ሸኚ የሚቆምበት ቦታ

ከእንጅባራ ተነሥቶ ወደ ትልቁ ከተማ የሚሄደው ሚኒባስ ዳንግላ ሲደርስ የኋላ ጎማው ተነፈሰ። ስኮርታውም አየር አልነበረውምና ሾፌሩ ሁለቱን ጎማ በጋሪ አስጭኖ ወደ ጎሚስታ ቤት ሄደ። ተሳፋሪው እያጉረመረመ ጥላ ፍለጋ ተበተነ። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ብቻ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ትንሽ ሻንጣቸውን በትከሻቸው አንጠልጥለው መንገዱን ተሻገሩ። የተሻገሩትም ወደ እንጅባራ የሚመለስ መኪና በሚቆምበት በኩል ነበር።

የጎማው መተንፈስ ሌላውን ሰው አናደደ፤ እርሳቸውን ግን እፎይ አሰኛቸው። ከቤታቸው ከወጡ ጀምሮ የሚመለሱበትን ሰበብ ሲፈልጉ ነበርና።

አያ ደጉ ይባላሉ። ከዘንገና ሐይቅ አጠገብ ተወልደው እዚያው ያረጁ ገበሬ ናቸው። በጉልምስናቸው በፈረሰኞች ማኅበር ውስጥ ስማቸው የሚጠራ ጋላቢ ነበሩ። ሚስታቸው ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። ለአንድ ሰው ብሎ እሳት ማንደድ እየሰለቻቸው፣ ብዙ ቀን ራታቸውን ቆሎ ቆርጥመው ይተኛሉ። ያለቻቸው ልጅ አንዲት ናት። ማሪቱ ነርስ ሆና ጅግጅጋ ተመደበች፤ እዚያው አገባች፤ እዚያው ቀረች። ከሄደች ወዲህ በዓይናቸው አላዩዋትም። አሁን ከስንት ዓመት ምኞት በኋላ ወንድ ልጅ ወልዳ፣ “አባ፣ አንተ ሳትኖር ልጄን ክርስትና አላስነሣም” ብላ በስልክ አለቀሰችና የአውሮፕላን ትኬት ቆርጣ ላከችላቸው። እሳቸውም እሺ አሉ። ፈረሳቸውን ለጎረቤታቸው ለአያ ነጋ አደራ ሰጥተው ወጡ። ዳንግላ ሲደርሱ ግን ልባቸው ከዳቸው።

“አባቴ፣ ተሳስተዋል መሰለኝ። የእኛ መኪና ወዲያ ማዶ ነው” የሚል ድምፅ ከኋላቸው ሰሙ።

ዞር ሲሉ በሚኒባሱ ውስጥ አጠገባቸው ተቀምጣ የነበረችው ወጣት ሴት ናት። ከእንጅባራ እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል አልተለዋወጡም ነበር።

“አልተሳሳትሁም ልጄ፤ ወደ ቤቴ መመለሴ ነው።”

“የረሱት ዕቃ አለ?”

“ምንም አልረሳሁ። ወደዚያ ወደ አውሮፕላኑ ቤት እሄዳለሁ ብዬ ተነሥቼ ነበር፤ ተውሁት።”

ልጅቱ ፈገግ አለች። “እኔም የምሄደው ወደዚያው ነው። እንጀራዬ እዚያ ነው።”

“አብራሪ ነሽ?”

“የለም፣ ቤቱን ነው የምንሠራው። መንገደኛው የሚያርፍበትን፣ ተርሚናል የሚሉትን። ጠቦ ሰው ስላስቸገረ እያሰፋነው ነው። የሕንፃውን ንድፍ ከሚያወጡት አንዷ ነኝ። ስሜ ትህትና ይባላል።”

የአያ ደጉ ፊት ተለወጠ። “አንች ነሻ! ያ ቤት አልበቃ ብሎ ጭራሽ አሰፋችሁት?”

ትህትና የሽማግሌው ቁጣ ከየት እንደመጣ አልገባትም። ሆኖም ከአንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ አግዳሚ ወንበር አይታ፣ “ጎማው እስኪመጣ ድረስ አረፍ ይበሉና ይውቀሱኝ። ወቀሳውን ሳልሰማ ባልፍ ይቆጨኛል” አለቻቸው። አነጋገሯ አክብሮት የተሞላበት ስለሆነ እምቢ ማለት አልቻሉም። ተቀመጡ።

“ማሪቱ፣ ልጄ፣ የሄደች ለት” አሉ ዓይናቸውን ከመንገዱ ላይ ሳያነሡ። “ዘመድ አዝማድ ተሰብስበን ልንሸኛት ሄድን። በእኛ አገር ሰው ርቆ ሲሄድ እስከ ወንዙ ይሸኛል። ተመርቆ፣ ተስሞ፣ እያየነው ነው ከኮረብታው ወዲያ የሚጠፋው። እዚያ ግን ገና በሩ ላይ ‘ትኬት የሌለው አይገባም’ አሉን። ልጄ ሻንጣዋን እየጎተተች ገባች። መስታወቱ ጥቁር ነው፤ የራሴን ጋቢ ብቻ ነው የሚያሳየኝ። ወጥታ ትስመኛለች ብዬ አጥሩ ሥር ቆምሁ። ዘመዶቼ መኪና እንዳያመልጣቸው ሄዱ። ፀሐይዋ ዞረች። ኋላ አንድ ዘበኛ ‘አባት፣ ምን ይጠብቃሉ? አውሮፕላኑ ከሄደ ቆየ እኮ’ አለኝ። ከዚያ በፊት ሁለት ሦስት ተነሥተዋል። በየትኛው ላይ እጄን እንዳውለበለብሁ እስካሁን አላውቅም። ልጄን ሳልሸኛት ቀረሁ።”

ትህትና ትምህርቷን ስትማር ስለ መንገደኛ ብዙ ተምራለች፤ ከየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ፣ የት እንደሚሰለፍ፣ የት እንደሚቀመጥ። ስለሚቀረው ሰው የተማረችው ግን ጥቂት ነው። ሆኖም ሙያዋን ታምንበት ነበርና መለሰችላቸው።

“አባቴ፣ ቢያዝኑ እውነት አለዎት። ነገር ግን ያሳዘነዎት የቤቱ መስፋት ሳይሆን የቤቱ መጥበብ ነው። የድሮው ቤት የተሠራው በቀን አንድ ሁለት አውሮፕላን ሲያርፍ ነበር። አሁን ሂያጁም መጪውም ሸኚውም በአንድ በር ልግባ ቢል ምን ይሆናል? የዳንግላን ገበያ ያስቡት። ከብት ተራውና እህል ተራው ተለይቶ ባይከለል በሬው የሰው ጤፍ ላይ ይቆም የለም?”

“እኔን በሬ አደረግሽኝ?”

“ይቅር ይበሉኝ፤ እኔንም ጨምሬ ነው” አለች ደንግጣ። አያ ደጉ ሳይወዱ ሣቅ አመለጣቸው።

“እሺ ይሁን” አሉ ጥቂት ለስለስ ብለው። “ግን ሰው እንደሚያወራው ያን ያህል ወደ ላይ ማስረዘሙ ለምንድን ነው? የሚያድርበት ሰው የለ። አንድ ሰዓት ተቀምጦ ለሚሄድ ሰው ያን የሚያህል ቤት መሥራት እብሪት አይደለም?”

“እዚያ ከተማ ሙቀቱ እንደ እንጅባራ ብርድ አይደለም። ብዙ ሰው በአንድ አዳራሽ ሲቀመጥ ትንፋሹ ራሱ ያፍናል። ጣሪያው ከፍ ሲል ሙቀቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሰው ከሥር ይተነፍሳል። ብርሃኑም ከላይ ስለሚገባ ቀን መብራት አይፈጅም። የጣሪያውን የውስጥ ልባስ ደግሞ ከእኛው አገር ቀርከሃ እያስጠለፍነው ነው። ቀና ብለው ሲያዩት አገርዎን ያዩበታል።”

“ቀርከሃ?” አሉ አያ ደጉ። ነገሩ ደስ አላቸው፤ ደስታቸውን ግን ደበቁ። “ቀርከሃውስ ይሁን። ሌላ ነገር አለ። ማሪቱ ‘በተሽከርካሪ ወንበር የሚገፋህ ሰው አዝዤልሃለሁ’ አለችኝ። ጉልበቴ ታሞ ነው እንጂ እኔ በፈረስ ጀርባ ያረጀሁ ሰው ነኝ። እንደ ሬሳ ልገፋ? ሰው ምን ይለኛል?”

“በጉግሱ ዘመን ፈረስዎ ላይ ሲወጡ ርካብ የሚይዝልዎት ሰው አልነበረም?”

“እንዴት አይኖርም? ታናናሾቼ ይሻሙበት ነበር።”

“ያፍሩ ነበር?”

“ምን ያሳፍራል፣ ክብር ነው እንጂ!”

“ወንበሩም ርካብ መያዝ ነው አባቴ። የሚገፋዎት ሰው ታናሽዎ ነው። ‘ደከመኝ፣ አግዙኝ’ ማለትን እንደ ውርደት እየቆጠርን ስንቱ ሽማግሌ ልጁን ሳያይ፣ ስንቱ በሽተኛ ሐኪም ቤት ሳይደርስ ቀረ! ሕንፃውን ስናሰፋ ደረጃውን ቀንሰን መወጣጫውን ዝቅ ያደረግነው እንደ እርስዎ ላለ ሰው ብለን ነው። እርስዎ ካልመጡበት ለማን ሠራነው?”

አያ ደጉ፣ ጥያቄ ያለቀበት ሽማግሌ እንደሚያደርገው፣ ነገሩን ወደ እሷ አዞሩት።

“አንችን ማን ይሸኝሻል?” አሉ።

“ማንም” አለች ትህትና። “የእናቴን ሙት ዓመት ላወጣ መጥቼ ነበር። ቤታችንን ተከራይ ስለያዘው የተወለድሁበት ከተማ ሆቴል አድሬ ተመለስሁ። በሥራ ቦታዬም የተከራየኋት አንዲት ክፍል ናት።”

ይህን ስትል ድምፅዋ አልተለወጠም። አያ ደጉ ግን ብቸኛን ሰው ከአነጋገሩ የሚያውቁ ናቸውና በአዊኛ “አይዞሽ” አሏት። እሷም በአዊኛ መለሰችላቸው። ከዚያ በኋላ ነገራቸው ሁሉ የዘመድ ነገር ሆነ።

“እንግዲህ ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ሂያጁ ወንበር አለው፣ ጥላ አለው፣ ቀርከሃ አለው። በዚህ አዲስ ቤታችሁ የሚቀረው ሰው የት ነው የሚቆመው?”

ትህትና አንገቷን ደፋች። “በመጀመሪያው ንድፍ ላይ ለሸኚ የሚሆን ሰፊ በረንዳ አውጥተን ነበር። ኋላ ቦታው ለመኪና ማቆሚያ ይሁን ተባለ። ነገሩ ገና አልተቆረጠም፤ በዚህ ሳምንት እንሰበሰብበታለን። እንዳሁኑ ከሆነ ግን የሚቆመው ፀሐይ ላይ ነው።”

“አየሽ!” አሉ አያ ደጉ። ድምፃቸው ግን የድል ድምፅ አልነበረም። “አንች በዚያ ስብሰባ ላይ ምን ልትይ ነው?”

“ዝም ልል ነበር” አለች። “አሁን ግን አልልም።”

ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የተማረ ሰው ‘አላየሁትም ነበር’ ለማለት ሲደፍር፣ ያልተማረውም አብሮት ለማሰብ ይደፍራል። የአዲስ ነገር ጠላት የሚበዛው አዲሱን የሚያመጡት ሰዎች የሚያስተምሩ እንጂ የማይሰሙ ሲሆኑ ነው። አያ ደጉም ከዚያ ወዲያ ልጅቱን እንደ ባለጋራ ማየት ተዉ።

“እኔ ቃሌን ሰጥቻለሁ” አለች ትህትና ቀና ብላ። “አሁን ደግሞ እርስዎ ይስሙኝ። ያን ቀን አጥር ሥር ቆመው ልጅዎን ጠበቁ። ነገ ደግሞ ማሪቱ ሕፃኗን ታቅፋ በር ላይ ትቆማለች። አውሮፕላኑ ያርፋል፤ ሰው ሁሉ ይወጣል፤ እርስዎ የሉም። የእርስዎን ያን ቀን እሷም ትቅመሰው?”

ጋሪው ሁለቱን ጎማ ጭኖ እየተንገጫገጨ ሲመጣ አያ ደጉ ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሡና መንገዱን መልሰው ተሻገሩ።

* * *

የአየር ማረፊያው ቤት ግማሹ አሮጌ ግማሹ አዲስ ነበር። ከተማው ውስጥ አድረው በማግሥቱ ትህትና እስከ በሩ አደረሰቻቸውና፣ እህተማርያም ለምትባል አንዲት የጉዞ ረዳት አስረክባ፣ “ሲመለሱ እዚሁ ነኝ” ብላ ሄደች። እህተማርያም ተሽከርካሪውን ወንበር አቀረበችላቸው። አያ ደጉ ግራ ቀኝ አይተው፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ተቀመጡ። የሚያያቸው ሰው ያለ መስሏቸው ነበር፤ ማንም አላያቸውም። ሰው ሁሉ ሻንጣውንና ስልኩን ነበር የሚያይ። ከመፈተሻው ሲያልፉ ጋቢያቸውን ከፊታቸው አወረዱ። ቀና ሲሉ ቀርከሃው ከላይ ተጠልፎ አዩት። ረዥም ጊዜ አዩት።

መቀመጫው አሮጌው ቤት ውስጥ ነበር። እህተማርያም ወንበሩን ከመስታወቱ አጠገብ ስታቆመው አያ ደጉ ወደ ውጭ ተመለከቱና ደነገጡ። ከውጭ ጥቁር የነበረው መስታወት ከውስጥ ጥቁር አልነበረም። ሜዳው ይታያል፤ በሩ ይታያል፤ አጥሩ ሥር አንዲት እናት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማ ቁልጭ ብላ ትታያለች።

“እህቴ፣ እነዚያ እኛን ያዩናል?” ብለው ጠየቁ።

“አያዩንም አባባ። እኛ ነን የምናያቸው” አለች እህተማርያም።

እጃቸውን አነሡላት። ሴትዮዋ ዝም ብላ መስታወቱን ማየቷን ቀጠለች።

በአዲስ አበባ ሌላ ትልቅ ቤት ውስጥ አውሮፕላን ቀየሩ። ያን ያህል ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር አይተው አያውቁም፤ ያን ያህልም ብቻቸውን ሆነው አያውቁም። ሊያናግሩት የዞሩት ሰው ሁሉ ጆሮው ውስጥ አንድ ነገር ሰክቷል። በዚያ ቤት ከወንበሩ ገፊ በቀር “ደከመዎት?” ያላቸው የለም። ያንን ቃል ግን ከብዙ ዘመን ወዲህ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

ጅግጅጋ ሲደርሱ ማሪቱ በር ላይ ነበረች። መጀመሪያ ሌላ ሰው መሰለቻቸው፤ ወፍራለች፣ አነጋገሯም ተለውጧል። ሕፃኑን አቀበለቻቸውና አንገታቸው ሥር ገብታ አለቀሰች። ያን ማታ፣ ባሏ እንግዳ ሲሸኝ፣ አያ ደጉ በሆዳቸው ይዘውት የመጡትን ጠየቋት።

“ማሪቱ፣ የሄድሽ ለት ከዚያ መስታወት ውስጥ ሆነሽ አየሽኝ?”

ማሪቱ ሕፃኑን ማወዛወዟን አቆመች። “እንዴት አላይህም አባ! ተጣርቼ ተጣርቼ ሳትሰማኝ ስትቀር መስታወቱን በእጄ መታሁት። ‘እህት፣ ይሰበራል’ ብለው ከለከሉኝ። ዘመዶቻችን ሲሄዱ አንተ ብቻህን ስትቀር አየሁ። እስክሳፈር ድረስ ከፊትህ አልሄድሁም። አንተ ግን ፊትህን አዙረህ ስትቆም፣ ተቆጥቶኛል ብዬ ነው እስከ ዛሬ ድረስ የኖርሁት።”

“እኔ ደግሞ ሳትሰናበተኝ ሄደች ብዬ” አሉ አያ ደጉ።

ስንት ዓመት ሁለቱም በስልክ ስለ ዝናብና ስለ እህል ብቻ ሲነጋገሩ የኖሩት ለዚህ ነበር። አባት ቢሄድ፣ ልጅ ብትመጣ በአንድ ማታ የሚያልቅ ነገር፣ በመካከላቸው ተቀምጦ አረጀ። ስልክ ድምፅ ያደርሳል፤ እንዲህ ያለውን ነገር ግን ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ብቻ ነው የሚያወጣው።

* * *

ክርስትናው አልፎ አያ ደጉ ሲመለሱ ትህትናን አቧራ የጠጣ የሥራ ቆብ አድርጋ በር ላይ ቆማ አገኟት። “ግማሹን ተቀበሉኝ” አለቻቸው ገና ሳይሳሳሙ። “በረንዳው እንደ ድሮው ንድፍ ሰፊ አይሆንም፤ መኪናውም ቦታውን አግኝቷል። ግን በአንድ ወገን ጥላና መቀመጫ ይኖራል። በዚያ በኩል ያለውም መስታወት ከሁለቱም ወገን የሚያሳይ ይሆናል። ስለ እርስዎ ነው የነገርኋቸው። መጀመሪያ ሣቁ፤ ኋላ ዝም አሉ።”

አያ ደጉ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መረቋት። “ከእንግዲህ እንጅባራ ስትመጭ ሆቴል እንዳታድሪ። ቤቴ ከሐይቁ አጠገብ ነው፤ ፈረሴን ይዤ አስፋልቱ ድረስ እወጣልሻለሁ” አሏት። ትህትና “እሺ” አለች። ቆቧን ወደ ግንባሯ አወረደችና ቶሎ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ቤታቸው እንደተዉት ቀዝቅዞ ጠበቃቸው። ከሕፃኑ ጩኸት በኋላ ዝምታው ይበልጥ ከበዳቸው። በማግሥቱ ጎረቤታቸው አያ ነጋ ፈረሱን ሊመልሱ መጡ። አያ ነጋም እንደ እርሳቸው ሚስታቸው የሞተችባቸው ናቸው። አርባ ምንጭ የሚኖር ልጃቸው ‘ልምጣና ልውሰድህ’ ቢላቸው በሬና ቤት ትቼ የት ልሄድ እያሉ ዓመታት አሳልፈዋል።

“ለመሆኑ ደህና ገባህ ደጉ? እውነት በወንበር ገፉህ?”

“ገፉኝ።”

“አላፈርህም?”

“በመጀመሪያ አፈርሁ፤ ኋላ ደስ አለኝ። ስማኝ ነጋ፤ የማያውቁትን መጠየቅ፣ ለደከመ ጉልበት ድጋፍ መቀበል ነውር አይደለም። ነውሩ ‘ሰው ምን ይለኛል’ እያሉ ከልጅ መቆራረጥ ነው። መኪናው ሳምንት የሚያንከራትተውን መንገድ ሳይመሽ ትደርሳለህ። ለመጸዳጃው፣ ለመቀመጫው፣ ለጸሎቱ ሳይቀር ቦታ አለው። ያ ቤት የሀብታም ቤት እየመሰለኝ ስሸሸው ኖርሁ። ለካ እኛ ስንቀርበት ነው የሀብታም ብቻ የሚሆነው። የጎደለውንም ደግሞ ገብቶ ያየ ሰው ነው ‘ይህ ይስተካከል’ ሊል የሚችለው። አጥር ሥር ቆሞ የሚራገምን ማንም አይሰማውም።”

“ከዚያ ስትመለስስ? ባዶ ቤት አይደለም የጠበቀህ?”

“ባዶ ቤት ነው” አሉ አያ ደጉ። “አልዋሽህም፤ ትናንት ከበፊቱ ይልቅ ጨነቀኝ። ግን የልጅ ልጄ ምን እንደሚሸት አሁን አውቃለሁ። ሳላውቅ ከመሞት ይህን አውቆ መጨነቅ ይሻላል።”

አያ ነጋ የፈረሱን ጋማ ሲዳስሱ ቆዩና፣ “ኔትወርክ ወዳለበት ኮረብታ አትወጣም?” አሉ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች እየተደጋገፉ ወጡ። ከላይ ሲደርሱ ነፋሱ ጋቢያቸውን ያራግበው ነበር፤ ሐይቁ ከታች ጠቁሮ ተኝቷል። አያ ደጉ ስልኩን ደውለው ሰጧቸው። አያ ነጋ በሩቅ ያለ ሰው የሚጠሩ ይመስል ጮኹ።

“ሃሎ! እኔ ነኝ! ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንሁም። ስማኝ ልጄ፣ እመጣለሁ! በአውሮፕላን እመጣለሁ!”

መሥመሩ ተቋረጠ። አያ ነጋ ስልኩን ከጆሯቸው አንሥተው አዩት፤ መልሰው ጆሯቸው ላይ አደረጉት።

“ሰምቶኝ ይሆን?” አሉ ድምፃቸው ተለውጦ።

ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ጠበቁ። ነፋሱ እየበረታ ሄደ። ከዚያ ስልኩ ጠራ፤ አያ ነጋም በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ጆሯቸው አስጠጉት።